ማታ የማይወጣ ተማሪ ሀዋሳ ላይ እንዴት ጓደኛ ያፈራል?

እናቴ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ሀዋሳ ግቢ ስገባም ምክሯን ይዤ ገባሁ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ አየሁት፤ እውነትም ዝንብ አልገባም። ጓደኛም አልገባም።

ጭፈራ ቤት አልወድም። መጠጥ አይስማማኝም። ጫትም ሞክሬው ነበር፤ እንቅልፍ ነስቶኝ ጣራ ሳይ ከማደር በቀር ያተረፍኩት የለም። ተናጋሪ ሁኑ ልላችሁ አይደለም፤ እኔም አልሆንኩም። ዝምተኛ እንደሆናችሁ ከሰው ጋር እንዴት እንደምትገጥሙ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

1. ሰላምታችሁን አትቆጥቡ

እኛ ዘንድ ዝም የሚል ሰው ዓይናፋር አይባልም። ኩሩ ነው የሚባለው። አንድ የዶርሜ ልጅ ቆይቶ እንደነገረኝ፣ ሁለት ወር ሙሉ «ይሄ ልጅ ንቆን ነው» ሲባባሉ ነበር። እኔ ደግሞ እነሱን ፈርቼ ነበር ግድግዳ ሳይ የምውለው።

ደግነቱ የኛ ሰላምታ ለዝምተኛ ሰው ታስቦ የተሠራ ይመስላል። እንዴት አደርክ፣ ደህና ነህ፣ ቤተሰብ ሰላም ነው፣ ፈተናው እንዴት ነበር? ጥያቄው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ትከሻ ገጨት አድርጋችሁ ማለፍ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ቀሪውን ራሱ ያወራዋል።

ኤርፎን ግን አውልቁ። ላይብረሪ ውስጥ ይሁን፤ ዶርም ውስጥና መንገድ ላይ ግን በር ዘግቶ እንደመቀመጥ ነው። ሙዚቃ ሳይኖረው ጆሮዬ ላይ ሰክቼው የምሄድበት ጊዜ ነበር። አታድርጉት።

2. ብቻችሁን አትብሉ

ይሄ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ካፌ ከዶርም ልጆች ጋር ሂዱ፤ ነን ካፌ (የግቢውን ምግብ የማትበሉ) ከሆናችሁም ከሌሎች ጋር አዋጥታችሁ ብሉ። አፉ የሞላን ሰው «ምነው ዝም አልክ» የሚለው የለም።

3. «ና እንውጣ» ሲሏችሁ

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፤ እኔም ድብን አድርጌ የወደቅኩት እዚህ ነው።

አርብ ማታ ነው። ልጆቹ ለባብሰዋል፣ ዶርሙ ሽቶ ሸቷል። አንዱ ብርድ ልብሳችሁን ገፎ «ተነስ እንጂ!» ይላል። መጀመሪያ ላይ እሺ እያልኩ አብሬ እወጣ ነበር። ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ጥግ ይዤ አምቦ ውኃ ስጠጣና ሳዛጋ እቆያለሁ። እኔ አልተደሰትኩም፤ የሚያዛጋ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ እነሱም አልተደሰቱም።

ከዚያ መዋሸት ጀመርኩ። «ጨጓራዬን አሞኛል» አልኩ። የሀበሻ ልጆች መሆናቸውን ረስቼው! ታመምኩ ያለን ሰው ማን ጥሎ ይወጣል? መውጣቱን ተዉት። አንዱ ወተት ሊገዛ ሄደ። ሌላው አብሽ ከየት እንዳገኘ እንጃ፣ በጥብጦ አቀረበልኝ። ሦስተኛው ባጃጅ ጠርቼ ክሊኒክ ካልወሰድኩህ ብሎ ሙጭጭ አለ። አብሹን ጠጣሁት። መራራ ነበር፤ የዋጋዬን ያገኘሁ መሰለኝ።

አላገኘሁም። በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ጨጓራ ደገምኩት። በዚህኛው ጊዜ «እግዜር ይማርህ» ብለው ወጡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራበኝና ከግቢው በር ፊት ለፊት እርጥብ የሚሉትን ሳንድዊች ልበላ ወጣሁ። ሚጥሚጣ በደንብ አስጨምሬ። ለካስ ልጆቹ ባጃጅ አጥተው እየተመለሱ ኖሯል። ማንም አልተቆጣኝም። አንዱ እጄ ላይ ያለውን ዳቦ አይቶ «ሚጥሚጣ ለጨጓራ ጥሩ ነው አሉ» ብሎኝ አለፈ። ከዚያ ለአንድ ወር ተኩል ና እንውጣ ያለኝ የለም። ና ሻይ እንጠጣ ያለኝም የለም። ያን ጊዜ የእውነት አመመኝ።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። እውነቱን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሰዓትና ቦታ ያለው ቀጠሮ እሰጣለሁ። «ማታ አልችልበትም። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግን አሞራ ገደል፣ የዓሳ ሾርባው በኔ።» «ሌላ ቀን እንገናኛለን» የምትለዋ አትሠራም። ሌላ ቀን የሚባል ቀን የለም።

ሾርባው ለምን እንደሚሠራ ላስረዳ። ሌሊቱን ሲጨፍር ያደረ ሰው ጠዋት የሚያምረው ትኩስ ነገር ነው። አሞራ ገደል ደግሞ ሐይቁ ዳር ነው። ጠዋት አሣ አጥማጆቹ በጀልባ ይገባሉ፣ ልጆች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሳ ቁጭ ብለው ይገፍፋሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራቸውን ይዘው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። የሚታይ ነገር ስላለ የግድ ማውራት የለባችሁም። ሾርባው ላይ ዳጣ ጠብ አድርጋችሁ ዝም ብላችሁ ትጠጣላችሁ። ጥሬውን ዓሳ ለደፋሮች ተዉት። ወሬ ካስፈለገ «በጾም ዓሳ ይበላል ወይስ አይበላም?» ብላችሁ ጣል አድርጉ፤ አንድ ሰዓት ያስኬዳል፣ እናንተ ታዳምጣላችሁ።

ሌሊቱ የእነሱ ነው፤ ጠዋቱን እናንተ ያዙት። የደከመው ሰው ደግሞ ለስለስ ብሎ ነው የሚያወራው። ከዶርሜ ልጆች ጋር ስለ ቤታችን፣ ስለ አባቶቻችን ያወራነው እዚያ ሾርባ ላይ ነው። ማታ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል፣ ማን ማንን ይሰማል?

ሲወጡ እስከ በሩ ሸኟቸው። ባጃጅ እስኪገቡ አብራችሁ ቁሙ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን «አልመጣም» ያለው ልጅ «ሸኘን» ወደሚባለው ልጅ ይለወጣል። ልደት ሲሆን ደግሞ ኬኩ እስኪቆረስ ሂዱና ሙዚቃው ከፍ ሲል ውልቅ በሉ። ሁሉንም አትሰናበቱ፤ ለባለ ልደቱ ብቻ ተናገሩ። ሁሉን ከተሰናበታችሁ ስድስት ሰው እጃችሁን ይዞ ያስቀምጣችኋል።

4 እና 5. አንድ ሥራ ያዙ፤ ሀንድአውት ግን አትሁኑ

ዝም ብሎ ከሰው ጋር መቀመጥ ከባድ ነው፤ አብሮ መሥራት ግን ቀላል ነው። ቀይ መስቀል፣ የሥነ ጽሑፍ ክበብ፣ እንደ እምነታችሁ ግቢ ጉባኤ ወይም ፌሎሺፕ ወይም ጀመዓ፣ የትኛውም ይሁን። ወንበር መደርደር የመሰለ ሥራ ውሰዱ። ቼዝም ጥሩ ነው፣ ሁለት ሰው አንድ ሰዓት ዝም ብሎ ጓደኛ የሚሆንበት ጨዋታ ነው።

ኖት በማበደር ጓደኛ ማፍራት ግን አይሆንም። ቸካይ ስለነበርኩ ለፈተና ሰሞን ስልኬ አያርፍም ነበር። ፈተናው ሲያልቅ ስልኬም አብሮ ይሞታል። አሁን ኖት የሚጠይቀኝን «ና አብረን እናንብበው» እለዋለሁ። የሚመጣው ጥቂት ነው፤ የመጣው ግን ይቆያል።

የባቹን ቴሌግራም ግሩፕም አትመኩበት። እዚያ ቀልደኛ ሆኖ ፊት ለፊት ሲገናኙ መሬት መሬት ማየት ነገሩን ያብሰዋል።

6. ቤቴ ና ያላችሁን እሺ በሉ

ይሄ የሀዋሳ ዕድል ነው። የሲዳማ ልጅ ክፍላችሁ ውስጥ ካለና ለፍቼ ጫምባላላ ቤቴ ና ካላችሁ፣ አሳይመንቱን ተዉትና ሂዱ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. የመዘገበው። ቡሪሳሜ የሚባለው ምግብ ሻፌታ በሚሉት ትልቅ ገበታ ቀርቦ ቤተሰቡ ከቦ ይበላል። ቆጮና ቅቤ ነው፣ ከወተት ጋር፤ ብሉ ሲሏችሁ ብሉ። በማግስቱ ሕዝቡ ሐይቁ አጠገብ ጉዱማሌ ይወጣል።

እኔ ስሄድ የማውቀው ቃል «አይዴ ጫምባላላ» የሚለው የበዓሉ ሰላምታ ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ እሱን ስል ዋልኩ። ማታ የጓደኛዬ እናት ለልጃቸው «ይሄ ልጅ ተጫዋች ነው» አሉት አሉ። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። አላመነችኝም።