«ጂስት» አልገባ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ሐዋሳ ውስጥ ልጆችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ረጃጅሞቹን ቃላት ሸምድደው፣ ጂ፣ አይ፣ ኤስ፣ ቲ ተብላ የምትጻፈው ሚጢጢ ቃል ታደናቅፋቸዋለች።

ችግር፦ «ጊስት» ብላችሁ ታነባላችሁ።
«ጊፍት» እና «ጊቭ» ናቸው ያሳሳቷችሁ። ይቺ ግን ከፈረንሳይኛ የመጣች ናት። እንደ «ጂም» ጀምሯት፣ አለቀ።

ችግር፦ ጂስቱን ንገሩ ስትባሉ ሁሉንም ትተርካላችሁ።
ዋናው በሽታ ይሄ ነው። ባለፈው አንዱን ልጅ የምንባቡን ጂስት ጠየቅኩት። ከአንደኛው አንቀጽ ጀመረ፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሻዬ ቀዝቅዟል። ደብተሩን ሳየው «ጂስት = ማጠቃለያ» ይላል። ጉዱ እዚያ ነው። ማጠቃለያ ነጥቦቹን ተራ በተራ ይዞ ይሄዳል። ጂስት ፍሬ ነገሩ ብቻ ነው።

እዚህ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የሚባለው የዓሣ ገበያ ዓሣ ሲበለት አይታችሁ የለ? ልጁ ቆዳውን ይገፋል፣ አጥንቱን ይለያል፣ ፊሌቶዋን ይሰጣችኋል። ጭንቅላቱ የአሞራዎቹ ነው። እናንተም እንደዚያ በልቱ። እናታችሁ ከእድር ስብሰባ ስትመለስ ማን እንዳረፈደ፣ ማን እንደተቆጣ ታወራለች። ጂስቱ፦ «መዋጮ ጨምሯል።» በቃ። ማታ ማታ የሰማችሁትን ወሬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ በሳምንት ይለቃችኋል።

ችግር፦ ሕግ የተማረ ወዳጃችሁ «ፍሬ ነገር ልክ አይደለም» ይላችኋል።
እውነቱን ነው። በፍርድ ቤት አማርኛ ፍሬ ነገር ማለት የተፈጸመው ድርጊት ነው፤ ከሕግ ጥያቄ ተለይቶ የሚታይ። ለእሱ «ዋናው ነጥብ» በሉት። የሚገርመው፣ ጂስት ራሷ የችሎት ልጅ ናት። የድሮ እንግሊዝ ጠበቆች በፈረንሳይኛ «ይህ ክስ ይጋደማል» ይሉ ነበር፤ ክሱ የሚያርፍበት መሠረት አለው ለማለት። በ1700ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የክሱ መሠረት ራሱ ጂስት ተባለ። ወደ ተራው ወሬ የወረደችው ኋላ ነው።

ችግር፦ «ኤ ጂስት»፣ «ጂስትስ» ትላላችሁ።
«ዘ ጂስት» በሉ፣ ሁሌ በነጠላ። ሙሉ በሙሉ ሳይሆን በግርድፉ ሲገባችሁ ደግሞ «አይ ጌት ዘ ጂስት»።

ችግር፦ ናይጄሪያዊ ጓደኛችሁ «ጂስት ሚ» አላችሁ፣ እናንተም አሳጥራችሁ መለሳችሁ፣ ቅር አለው።
እነሱ ጋ ጂስት ወሬ ነው። ሐሜቱን ከነዝርዝሩ አምጣ ማለቱ ነበር። ሻይ ድገሙና ከአንደኛው አንቀጽ ጀምሩለት።