ጊዜያዊ ሰራተኛ ስትቀጥሩ የድርጅታችሁን ደንብ ሶፍትዌር ውስጥ እንዴት ታስገቡታላችሁ (በተለይ ባህር ዳር ላላችሁ)

ባህር ዳር ውስጥ ሆቴል፣ ሎጅ፣ ምግብ ቤት፣ ጀልባ ምናምን ላይ ምትሰሩ ሰዎች ጥር ሲደርስ ምን እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ። ጥምቀት አለ፣ ሰርግ በሰርግ ነው፣ እንግዳው ከአዲስ አበባም ከጎንደርም ይጎርፋል፣ እና በሁለት ሳምንት ውስጥ አስተናጋጅ፣ እቃ አጣቢ፣ ክፍል አፅጂ፣ ጥበቃ፣ ጀልባ ላይ ረዳት ትፈልጋላችሁ። ያኔ ሼፉ የሰፈሩን ልጅ ይጠራል፣ ሱፐርቫይዘሩ ደላላ ጋ ይደውላል፣ ልጆቹ ጠዋት መጥተው ሽርጥ ይታጠቃሉ፣ ወረቀቱ "ነገ ይሞላል" ይባልና ነገ ሳይሆን የካቲት ላይ ክፍያ ሲጣሉ ነው ሚፈለገው።

እኔ ሀይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ ኤችአር (የሰው ሀይል ክፍል) ሆኜ ስሰራ ይሄንን አይቻለሁ። አንዲት እቃ አጣቢ ነበረች፣ በጊዜያዊ ተቀጥራ ኮንትራቷ በየሶስት ወሩ እየታደሰ ሶስት አመት ሰራች፣ ስራው ደግሞ በጋ ክረምት የማይቋረጥ ስራ ነው። እንድትወጣ ሲደረግ ከሰሰች፣ ድርጅቱም ተረታ። ልጅቷ ልክ ነበረች። እኔን እስካሁን ሚያናድደኝ ስታንዳርድ የተባለ የሰው ሀይል ደንብ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ነበረን፣ ጊዜያዊ ኮንትራት እንዴት እንደሚታደስ በግልፅ ይላል፣ ግን ኮንትራቷን ያደሰው ሰው ደንቡን ከፍቶት አያውቅም። ስለዚ ከዛ በኋላ የያዝኩት ሀሳብ ይሄ ነው፦ ደንቡ መቀመጥ ያለበት ሰው ሚመዘገብበት ፎርም ላይ ነው፣ ሳይሟላ አላሳልፍም ማለት አለበት።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ዝጉትና ወረቀት አውጡ። ሶስት አምድ ስሩ። አንደኛው ህጉ ሚለው፣ ሁለተኛው ድርጅታችሁ ራሱ ያወጣው፣ ሶስተኛው "ይሄንን ማለፍ ሚችለው ማነው" ሚለው ነው። ብዙ ሰው አንደኛውንና ሁለተኛውን ይደባልቃል። ተያዥ ማምጣት፣ ዩኒፎርም ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ፣ የምግብ ክፍል ሰራተኛ የጤና ምርመራ ወረቀቱን ለማን እንደሚያስረክብ፣ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ላይፍ ጃኬት ሳይለብስ እንዳይነሳ፣ እነዚህን እናንተ ደንባችሁ ላይ እንደፃፋችሁት ነው ምታስገቡት፣ ማናጀሩም አብዛኞቹን በምክንያት ሊያሻሽላቸው ይችላል። የህጉን ግን ማናጀሩም ባለቤቱም ማለፍ አይችሉም፣ ሶስተኛው አምድ ላይ "ማንም" ብላችሁ ፃፉ።

ህጉ ማለት እዚህ በዋናነት የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ለዚህ ስራ ምትፈልጓቸው ነጥቦች ብዙ አይደሉም። መደበኛ ስራ በቀን 8 ሰዓት በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4 በሳምንት ከ12 አይበልጥም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የስራ ቀን አያልፍም። በፅሁፍ ኮንትራት ካልፈረማችሁ በ15 ቀን ውስጥ የስራውን ሁኔታ ሚገልፅ የተፈረመ ደብዳቤ ትሰጡታላችሁ። ከ15 አመት በታች መቅጠር አይቻልም፣ ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ትርፍ ሰዓት፣ ማታ ከ4 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት፣ በእረፍት ቀንና በበዓል ቀን አይሰራም። የአመት እረፍት ለመጀመሪያው አመት 16 የስራ ቀን ነው፣ ከአመት በታች የሰራም እንደሰራው መጠን ይታሰብለታል፣ "ጊዜያዊ ስለሆነ እረፍት የለውም" ሚባለው ወሬ ስህተት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ፎርማችሁ ላይ "ለምን ጊዜያዊ?" ሚል ሳጥን ይኑር፣ ሳይሞላ ሴቭ ማድረግ አይቻልም። እና በነፃ ፅሁፍ ሚሞላ አታድርጉት፣ በነፃ ከሆነ ሁሉም "የስራ ብዛት" ብሎ ይፅፋል፣ ድሮፕዳውን (ከዝርዝር ሚመረጥ) ይሁን። ምርጫዎቹ ከአዋጁ አንቀፅ 10 ይመጣሉ፦ ተለይቶ የታወቀ ስራ ለመጨረስ፣ በእረፍት ወይ በህመም የቀረ ሰው ለመተካት፣ ያልተለመደ የስራ ጫና ሲመጣ፣ ድንገተኛ አደጋ ለመከላከል ወይ ብልሽት ለመጠገን፣ በየአመቱ በተወሰነ ወቅት ሚደጋገም ስራ፣ አልፎ አልፎ ሚሰራ ስራ፣ ቋሚ ሰራተኛ በድንገት ሲለቅ ክፍተቱን ለመሸፈን የመሳሰሉት። ከነዚህ ውስጥ ካልገባ ህጉ ኮንትራቱን ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ነው ሚቆጥረው፣ ወረቀቱ ላይ "ጊዜያዊ" ተብሎ መፃፉ አያድናችሁም።

እያንዳንዱ ምርጫ ደግሞ ሌላ ጥያቄ እንዲከፍት አድርጉ። "የቀረ ሰው ለመተካት" ካለ የማን ቦታ እንደሆነ ስሙን ይጠይቅ፣ ያ ሰው ሲመለስ ኮንትራቱ ያበቃል። "ወቅታዊ" ካለ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው እንደሆነ ይጠይቅ፣ ዘጌ ላይ ቡና ለቀማ ወይ ፎገራ ላይ ሩዝ አጨዳ ሰው ምትቀጥሩ እዚህ ጋ ነው ምትገቡት። "በድንገት የለቀቀ ቋሚ ሰራተኛ ቦታ" ካለ ግን ሲስተሙ ራሱ መጨረሻውን ቀን 45ኛው ቀን ላይ ይሙላና ኮንትራት ማደሻውን ቁልፍ ይደብቀው፣ ምክንያቱም ይሄኛው ከ45 ተከታታይ ቀን አይበልጥም፣ ሚቻለውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የኛዋ እቃ አጣቢ መጀመሪያ ቀን ላይ ይሄ ሳጥን ቢኖር ኖሮ ምንም ምርጫ አይገጥምላትም ነበር፣ ቋሚ ሆና ትቀጠር ነበር።

ሶፍትዌሩስ የቱ ይሁን ላላችሁኝ፣ የኔ አስተያየት ሰላሳ ሰው ማይሞላ ጊዜያዊ ሰራተኛ ካላችሁ ኤክሴል ይበቃል፣ ዳታ ቫሊዴሽንን (ያልተፈቀደ ነገር ሲፃፍ አልቀበልም ሚለውን) እና ቀይ ሚያደርገውን ከንዲሽናል ፎርማቲንግ በደንብ ከሰራችሁበት። ግን ኤክሴል ማን ምን እንደቀየረ በደንብ አይዝላችሁም፣ አንድ ሰው ቀን አጥፍቶ ሌላ ቢፅፍ ቀላል ነው። ከዛ በላይ ከሆናችሁ ፍራፔ ኤችአር (Frappe HR) ሚባል የሰራተኛ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር አለ፣ ነፃና ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ክፍት የሆነ) ነው፣ ሺፍትም ፔሮልም (ደመወዝ ማስሊያ) አለው፣ የራሳችሁን ሳጥን ጨምራችሁ ግዴታ ማድረግ ትችላላችሁ። ኦዱ (Odoo) ሚባለውም ጥሩ ነው ግን ነፃው ቨርዥን ላይ ፔሮል የለም። የትኛውንም ብትመርጡ ግን ቢሮ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ በውስጥ ዋይፋይ ብቻ ሚሰራ አድርጉት። ከነሐሴ 2015 በኋላ እዚህ ክልል ላይ ሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፣ ኔት ላይ ብቻ ያለ ሲስተም ያኔ ሰራተኛ መዝግብ ብትሉት ዝም ነው። መብራትም ስለሚሄድ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይሻላል፣ ባካፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) ደግሞ በፍላሽ በየሳምንቱ።

አሁን ሶፍትዌሩ የኛን ሀገር ስለማያውቅ ሚበላሹ ነገሮች ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ሚወድቀው።

ቀን። አብዛኞቹ በፈረንጅ ካሌንደር ነው ሚሰሩት። ውስጡ በፈረንጅ ይቀመጥ፣ ስክሪኑና ኮንትራቱ ላይ በኛ ይታይ፣ ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ አታደባልቁ። የትውልድ አመት ላይ ያለው አደጋ ከሁሉም ይብሳል፦ በኛ 2001 የተወለደ ልጅ በ2018 ገና 17 አመቱ ነው፣ አንድ ሰው 2001ን ዝም ብሎ ፈረንጅ ሳጥን ውስጥ ከፃፈው ግን ሲስተሙ 24 ወይ 25 ነው ይለዋል፣ የሌሊት ሺፍትም ይመድበዋል። ጳጉሜንም አትርሱ። ሐምሌ 20 የጀመረ ሰው 45ኛው ቀኑ ጳጉሜ 4 ነው፣ አስራ ሁለት ወር ብቻ ሚያውቅ ፎርሙላ ግን መስከረም 4 ይላችኋል፣ ጳጉሜ 5 ቀን ከሆነች 5 ቀን አሳልፋችሁ ማለት ነው። ዘመን መለወጫም ሁሌ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 አይደለም፣ የ2016 አዲስ አመት 12 ላይ ነበር የዋለው ጳጉሜ 6 ስለነበረች፣ ስለዚ ቀኑን ከኛ ወደ ፈረንጅ ቀያሪው ፎርሙላ ያንን አመት በትክክል ካላወጣ አትመኑት። ለ60 የስራ ቀን ደግሞ ዝም ብላችሁ 60 አትደምሩ፣ የስራ ቀን ሚቆጥረውን ፎርሙላ እሁድ ብቻ እረፍት አድርጋችሁ ተጠቀሙ፣ የበዓላት ዝርዝርም ለብቻ ሺት ላይ ይኑር።

ሰዓት። ሰራተኛው "በ2 ገባሁ በ12 ወጣሁ" ብሎ ይፅፋል፣ ጠዋት ሁለት ማለቱ ነው፣ ሶፍትዌሩ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ይረዳውና አራቱን ሰዓት የሌሊት ስራ ብሎ ይቆጥራል። ስለዚ ከሳጥኑ አጠገብ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት ሚል ምርጫ አድርጉ፣ ስድስት ሰዓቱን ሲስተሙ ራሱ ይጨምር ይቀንስ። ትርፍ ሰዓት ላይ ይሄ ብር ነው፦ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ያለው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከማታ 4 እስከ ጠዋት 12 አንድ ከሶስት ሩብ፣ በሳምንት እረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል ነው። በሰዓት 50 ብር ሚከፈለው አስተናጋጅ ሰርግ ላይ ከማታ 2 እስከ ሌሊት 6 ትርፍ ሰዓት ቢሰራ የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት 150፣ ቀጣዩ ሁለት ሰዓት 175፣ በድምሩ 325 ብር ነው። ያው አራት ሰዓት የጥምቀት ዕለት ቢሆን 500 ይሆናል። ይሄንን ሂሳብ በወረቀት ሰርታችሁ ሲስተሙ አንድ አይነት መልስ ካልሰጠ ወደ ስራ አታስገቡት።

ስም። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ሶስቱም አንድ ሰው ናት፣ ሲስተሙ ግን ሶስት ሰው ይላታል፣ ከዛ አምና የሰራችውን ጊዜ አያገኘውም፣ አዲስ ሰው ናት ብሎ ሌላ 45 ቀን ይፈቅዳል። በስም አትፈልጉ፣ በፋይዳ ቁጥር ፈልጉ፣ ፋይዳ ከሌለው በስልክ ቁጥር። እና የአባትና የአያት ስም ለየብቻ ሳጥን ይኑራቸው፣ ፈረንጆቹ የቤተሰብ ስም ሚሉት ሳጥን ውስጥ ሁሉም እንደመሰለው ነው ሚሞላው።

ከዚህ በኋላ የትኛው ደንብ ይከልክል የትኛው ያስጠንቅቅ ሚለውን ወስኑ። ሁሉንም ከልክል ካላችሁት ሰርግ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ሱፐርቫይዘሩ ሲስተሙን ትቶ በደብተር ይመዘግባል፣ ከዛ ሁለት መዝገብ ይኖራችኋል፣ ይሄ ደግሞ ምንም ከሌለው ይብሳል። የኔ ምርጫ እንዲህ ነው፣ ህግ የሆነው በሙሉ ይከልክል፦ እድሜ፣ የጊዜያዊነት ምክንያት፣ 45 ቀን፣ የትርፍ ሰዓት ጣሪያ። የድርጅቱ የሆነው ቀይ ሆኖ ያስጠንቅቅና የፈቀደው ሰው ስሙንና ምክንያቱን ፅፎ ይለፍ፣ ለምሳሌ የተያዥ ወረቀት ነገ ይመጣል ከተባለ ማናጀሩ በስሙ ፈቅዶ እስከ ነገ 11 ሰዓት ይስጠው። የጤና ምርመራ ወረቀት ግን ኩሽና ሚገባ ሰው ላይ ከልክሉ ባይ ነኝ፣ እዚህ ላይ አልደራደርም፣ ሰው ነው ሚበላው። ላይፍ ጃኬቱም እንደዛው።

ሲወጣ ያለውንም አትርሱ፣ ሁሉም መግቢያውን አሳምሮ መውጫውን ይረሳዋል። ኮንትራቱ ሊያልቅ 10 ቀን ሲቀረው ለክፍሉ ሀላፊ ማስታወሻ ይላክ፣ ካለቀ በኋላ በ7 የስራ ቀን ውስጥ ቀሪ ሂሳቡ መከፈል አለበት፣ ሲስተሙ ያንን ቀን ራሱ ቆጥሮ ካሸሩ ስክሪን ላይ ያሳየው። በቴሌብር ከከፈላችሁ የትራንዛክሽን ቁጥሩን ከስሙ ጎን አስገቡ። የስራ ልምድ ማስረጃም በነፃ ነው ሚሰጠው፣ የስራው አይነት፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሰራና ደመወዙ ከመዝገቡ ተስቦ በአንድ ክሊክ ይታተም፣ ልጁ ሌላ ሆቴል ሊጠይቅበት ነው። የግብርና የጡረታ ቁጥሮችን ፎርሙላው ውስጥ አትቅበሯቸው፣ ለብቻ ሺት ላይ ይቀመጡ ምክንያቱም ይቀየራሉ። በ2017 በወጣው ማሻሻያ ከግብር ነፃ ሚሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ሲያድግ ቁጥሩን በየሴሉ የቀበሩ ሰዎች ስንት ሳምንት እንደፈጀባቸው አይቻለሁ። ጡረታ ሚመለከተው ሰራተኛ ከሆነ ከሱ 7 ከድርጅቱ 11 ፐርሰንት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ልለምናችሁ። የሰራተኛ መታወቂያ ፎቶ እያነሳችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትልቀቁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ አዋጅ ባይኖርም የልጅቷ ስልክና አድራሻ አርባ ሰው ስልክ ውስጥ ምን ያደርጋል። ሲስተሙ ላይ ሱፐርቫይዘሩ ስምና ሺፍት ብቻ ይይ፣ ካሸሩ ክፍያ፣ መታወቂያውንና የጤናውን ወረቀት ኤችአር ብቻ።

ጥር ሳይገባ ህዳር መጨረሻ ላይ ሞክሩት። የአምና አምስት ፋይል አውጡና እንደ አዲስ አስገቧቸው፣ አንዱ 17 አመት የሆነ፣ አንዱ ጳጉሜን ያቋረጠ፣ አንዱ ስሙ በሁለት አይነት የተፃፈ፣ አንዱ በዓል ላይ ያደረ፣ አንዱ ሁለተኛ ጊዜ የመጣ ይሁን። አስገቢው እናንተ አትሁኑ፣ ሲስተሙን አይቶ ማያውቅ የማታ ሺፍት ሱፐርቫይዘር ያስገባው፣ እናንተ ከኋላ ቆማችሁ ዝም ብላችሁ የት ጋ እንደሚቆም ፃፉ። ከአምስቱ አንዱ እንኳ በስህተት ካለፈ ታህሳስን በሙሉ እሱን ለማስተካከል አላችሁ።