ሞተር ጠፍቶ መኪናው ሲጮህ፦ የትኛው ድምፅ ያሳስባል?

ቁልፉ ከወጣ በኋላ ከኮፈኑ ሥር ከሚሰሙ ድምፆች አብዛኞቹ ምንም አያመጡም። አንዱ ግን ችላ ከተባለ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ያስወርዳል። ለመለየት መጀመሪያ ሰዓት ያዙ። ድምፁ የጀመረው ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ነው ወይስ ቆይቶ? እየሳሳ ይሄዳል ወይስ እየበረታ? ከዚያ ኮፈኑን ከፍታችሁ በጆሮ ቦታውን ፈልጉ። እጃችሁን ግን ወደ ራዲያተሩ ፋን አታስጠጉ፤ በአንዳንድ መኪና ሞተሩ ጠፍቶም ሳይታሰብ ይነሳል።

ከመኪናው ሆድ የሚሰማ፣ መጀመሪያ ፈጠን ብሎ ቆይቶ የሚዘገይ ቀጭ… ቀጭ የሚል ድምፅ የጭስ ማውጫው ነው። በሙቀት የተለጠጠው ብረት ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያቆማል፣ ተዉት። ሲነዱም የሚንሿሿ ከሆነ መኪናው ሲቀዘቅዝ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) እና የሙቀት መከላከያውን ቆርቆሮ በቡጢ መታ መታ አድርጉ። ብሎኑ ዝጎ የላላ ቆርቆሮ በብረት ፋሼታ ይታሰራል።

ዋናው ጉዳይ እንደ ሽሮ የሚንተከተክ ድምፅ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የውኃ ፓምፑም ይቆማል፤ ቴስታታው ውስጥ ያለው ውኃ መዞሩን ትቶ ከጋለው ብረት ጋር ይቀራል። ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃ ሙቀቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሲነዱ ያልታየው ችግር ሲቆሙ የሚሰማው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይብሳል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የብዙ ቶዮታዎች ፋን የሚነሳው ግን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ፋኑ ሳይነሳ ውኃው ይፈላል ማለት ነው። ጤነኛ ክዳን መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ሰው ፓምፕና ቴርሞስታት ለውጦ ለውጦ ክዳኑን ሳያይ ይቀራል፤ ከሁሉም ርካሹ ዕቃ እሱ ሆኖ ሳለ።

ሲንተከተክ ክዳኑን በፍጹም አትክፈቱ። ግፊቱ ሲለቀቅ ውኃው በአንዴ ፈልቶ ፊት ያቃጥላል። ጠዋት፣ ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ክፈቱና የክዳኑን የውስጥ ጎማ በጣት ዳስሱ፤ የተሰነጠቀ ወይም እንደ ድንጋይ የደረቀ ከሆነ ጣሉት። መሐሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በጥፍር ሳብ አድርጉ፤ ስትለቋት ተመልሳ መግጠም አለባት። እሷ ከተጣበቀች ምልክቱ ሌላ ነው፦ ሌሊት ሲቀዘቅዝ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ተጨፍልቆ ይገኛል። ክዳኑ ላይ የሚይዘውን ግፊት የሚያሳይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፤ አዲሱ ከፋብሪካው ክዳን ጋር አንድ ይሁን። ከፍ ያለ መግጠም ያረጀ ቱቦ ያፈነዳል።

ውኃው ከጎደለ ኩላንትና የተጣራ ውኃ እኩል ቀላቅላችሁ ሙሉ። አነስተኛ መኪና በጠቅላላው ከ4 እስከ 6 ሊትር ገደማ ይይዛል። ክዳኑ ክፍት ሆኖ፣ ማሞቂያውን ሙቅ ላይ አድርጋችሁ ሞተሩን አስነሱ፤ የላይኛውን ቱቦ ጨመቅ ለቀቅ እያደረጋችሁ አረፋው እስኪቀር ሙሉና ወደ ላይ መገንፈል ሳይጀምር ዝጉ። ውስጥ የቀረ አየርም ያንተከትካል።

በአዲስ ክዳን፣ ሙሉ ውኃ ኖሮ አሁንም ከተንተከተከ ጓርኒሲዮኑን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ። በቀዝቃዛ ሞተር አስነስታችሁ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ ከደነደነ፣ ወይም የራዲያተሩ ውኃ መጠባበቂያ ዕቃ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው። ከዚያ ወዲያ መንዳት አይገባም።

ፋኑ ብቻውን ለጥቂት ደቂቃ ቢዞር በአንዳንድ መኪና የተሠራበት ነው። ጭራሽ ካላቆመ ግን ባትሪ ይጨርሳል፦ 10 አምፔር የሚስብ ፋን 45 አምፔር ሰዓት ያለውን ባትሪ በአራት ሰዓት ተኩል ያወርደዋል። የፋኑን ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋውን ትንሽ ሳጥን) ንቀሉና ተመሳሳዩን ግጠሙ። ፋኑ ካቆመ የቀድሞው ሪሌ ውስጡ ተጣብቋል፤ ካላቆመ ሴንሰሩንና ሽቦውን ፈትሹ።

በካርቡራተር በሚሠሩት እንደ ዲኤክስ ያሉ መኪናዎች ቁልፉ ጠፍቶ ሞተሩ እየተንገጫገጨ ይቀጥላል። ካንዴላው እሳት አይሰጥም፤ ግን ሲሊንደሩ ውስጥ የተጠራቀመ ካርቦን እንደ ፍም ግሎ ቤንዚኑን ያቀጣጥለዋል። መጀመሪያ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) በደቂቃ ወደ 800 ዙር አካባቢ አውርዱ። ቀጥሎ ሌላ ሰው ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ከፈት ዘጋ ሲያደርግ ካርቡራተሩ ላይ ያለው የቤንዚን መዝጊያ ቀጭ ማለቱን ስሙ። ዝም ካለ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም ወይም ተበላሽቷል። እስኪሠራ ድረስ ማርሽ አስገብታችሁ፣ ፍሬን ረግጣችሁ፣ ቁልፉን ዘግታችሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፤ ይጠፋል።

እስስ የሚል ከኤሲው ከመጣ ጋዙ ግፊቱን እያስተካከለ ነው፣ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ያበቃል። ከፍሬን ፔዳሉ ወገን ከመጣ ግን ሞተሩን ሁለት ደቂቃ አሠርታችሁ አጥፉና ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ። መጀመሪያ ጠልቆ ከዚያ ከፍ ከፍ እያለ ከመጣ ደህና ነው። ከመጀመሪያው ደረቅ ከሆነ የፍሬን አጋዡ አየር ያፈሳል፣ በዚያው ቀን ይሠራ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ማታ ያቆማችሁት ቶዮታ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ ከኋላ በኩል በራሱ ቢያጉረመርም አትደንግጡ። የቤንዚን ትነት የሚያፈስ እንደሆነ የሚፈትሽ ትንሽ ፓምፕ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ ይቆማል።