የመጠጥ ውሃ ግድብ ወቅት ጠብቆ አረንጓዴ የሚሆንበትን ምክንያት እንዴት መለየት ይቻላል?

አዲስ አበባን ከሚያጠጡት ግድቦች አንዱ በሆነው በለገዳዲ እንደታየው፣ አልጌ የተባለው በውሃ ውስጥ የሚበቅል ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ውሃን የሚወርረው ምግቡ የሆነው ፎስፈረስ፣ ብርሃን፣ ሙቀትና የረጋ ውሃ ሲገጣጠሙ ነው። ስለዚህ ሥራው ከአራቱ የትኛው በየትኛው ወር እንደሚሟላ መከታተል ነው።

በመጀመሪያ አረንጓዴው ነገር ምን እንደሆነ ይለዩ። ጓንት አድርገው ውሃውን በብርጭቆ ጠርሙስ ይቅዱና ሳይነቃነቅ ያሳድሩት። ጠዋት አረንጓዴው ከላይ ተንሳፍፎ ከተገኘ ሳይኖባክቴሪያ፣ ማለትም በተለምዶ ከአልጌ ጋር የሚቆጠር ባክቴሪያ፣ ሳይሆን አይቀርም። አንዳንዱ ዝርያ የሚያመነጨው ማይክሮሲስቲን የተባለ መርዝ ውሃውን በማፍላት አይጠፋምና «አፍልታችሁ ጠጡት» ብለው ማንንም አይምከሩ።

ቀጥሎ ብርሃኑን በሴኪ ዲስክ ይለኩ። ጥቁርና ነጭ የተቀባውን ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ክብ ሳህን በገመድ እያወረዱ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ይመዝግቡ። መሣሪያው ርካሽ ቢሆንም፣ በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ የተወሰደ ልኬት በዓመት አንዴ ከሚላክ ውድ የላቦራቶሪ ናሙና ይልቅ ወቅቱን ያሳያል። በክረምት ጎርፉ የሚያመጣው ደለል ብርሃኑን ስለሚጋርደው ፎስፈረስ ቢትረፈረፍም አልጌው ላይበዛ ይችላል፤ ዝናቡ አባርቶ ደለሉ ሲዘቅጥ ግን ይፈላል።

ከሁሉ የሚከብደው ፎስፈረሱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ነው። ብዙ ሰው ወዲያው በገበሬው ማዳበሪያ ያሳብባል፤ ነገር ግን ግድቡ ራሱ ከዓመታት በፊት የዋጠውን መልሶ ሊተፋ ይችላል። ውሃው ሳይናወጥ ሲቆይ ሞቃቱ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ይደረደራል፤ የታችኛው ኦክስጅን ሲያልቅ፣ ከብረት ጋር ተጣብቆ በጭቃው ውስጥ የኖረው ፎስፌት (ፎስፈረስ ያለበት ውህድ) ይለቀቃል፤ ኋላም ቅዝቃዜና ነፋስ ውሃውን ሲደባልቁት አልጌው ወዳለበት ይወጣል። ይህን ለማረጋገጥ በጀልባ ወደ ጥልቁ ቦታ ሄደው ከላይ እስከ ታች በየሜትሩ ሙቀትና ኦክስጅን ይለኩ፤ ከላይና ከወለሉ አጠገብ፣ እንዲሁም ከገባር ወንዞች የተቀዳ ናሙናም ያስመርምሩ። ከታች ኦክስጅን ጠፍቶ ፎስፌቱ ከላይኛው እጅግ ከበለጠ ጭቃው ምንጭ መሆኑን ይወቁ። የሰኔ የመጀመሪያ ጎርፎች በበጋ የተከማቸውን ፍግና የቤት ፍሳሽ ጠርገው ስለሚያስገቡ አያምልጡዎት። ነፋስ የተንሳፈፈውን አልጌ ወደ ዳር ስለሚሰበስበው ከዳር የተቀዳ ናሙና ስለ ግድቡ ሁሉ አይናገርም።

መልሱ ሳይታወቅ ኮፐር ሰልፌት የተባለውን አልጌ የሚገድል ኬሚካል መርጨትን አልደግፍም፤ ሳይኖባክቴሪያው ሲሞት ሕዋሱ ፈንድቶ በውስጡ የያዘው መርዝ ውሃው ውስጥ ይበተናል። ምንጩ ተፋሰሱ ከሆነ እርከንና የወንዝ ዳር ሣር፣ ጭቃው ከሆነ ደግሞ የታችኛውን ውሃ በአየር ማናፈስ ይሻላል።