ሲ. ኤለጋንስ ላይ ጂኤፍፒ ያለቦታው ሲበራ፦ ችግርና መፍትሄ

ሲ. ኤለጋንስ በምትባለው ትንሽ የላብራቶሪ ትል ላይ የእንቁላል አስኳል ፕሮቲንን በጂኤፍፒ (አረንጓዴ በሚያበራ ፕሮቲን) አብርታችሁ የሴል ውስጥ ትራንስፖርት የምታዩ ከሆነ ይሄ ለናንተ ነው። ጤነኛ ትል ላይ አንጀቷ ፕሮቲኑን ሰርቶ ወደ ሰውነቷ ክፍተት ይለቀዋል፣ ከዛ እንቁላሎቿ ስበው ያስገቡታል።

ችግር፦ ክፍተቱ አረንጓዴ ሞልቶታል፣ እንቁላሎቹ ግን ጨለማ ናቸው
ሚውታንት (ጂኗ የተለወጠ ትል) አገኘሁ ከማለታችሁ በፊት ዕድሜዋን እዩልኝ። ስፐርሟን የጨረሰች ትል እንቁላል ማውጣቱን ብታቆምም አስኳል መስራቱን ስለማታቆም ጂኗ ምንም ሳይሆን ክፍተቷ ውስጥ ይጠራቀማል፣ እኔ በዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለፍቻለሁ። ኤል 4 (የመጨረሻው የእጭ ደረጃ) ላይ ለዩዋትና 20 ዲግሪ ላይ አሳድራችሁ በማግስቱ እዩ። ያኔም ካልገባ ወይ እንቁላሉ ላይ አስኳሉን የሚይዘው ተቀባይ ፕሮቲን አርኤምኢ-2 የለም፣ ወይ ወደ ውስጥ የሚስበው ማሽን ተበላሽቷል። ለመለየት ከአርኤምኢ-2 ሚውታንት ጋር ክሮስ አድርጉ (አዳቅሉ)፦ ሁለቱም ሪሴሲቭ (ሁለቱም የጂኑ ቅጂዎች ሲበላሹ ብቻ የሚታዩ) ከሆኑና ልጆቹ ላይ ችግሩ ከቀጠለ አንድ ጂን ነው፣ ከጠፋ ሌላ ነው። ግን አደራ፣ ሄርማፍሮዳይት (ስፐርምም እንቁላልም የምትሰራ ትል) ራሷን አዳቅላም ስለምትወልድ ቀይ ምልክት ያለው ወንድ ተጠቀሙና ቀይ የሆኑትን ብቻ ቁጠሩ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ችግር፦ አንጀቱ ውስጥ ትላልቅ ጥርት ያሉ ፊኛዎች አሉ
የገባው ነገር ወደ ሜምብሬኑ (የሴሉ ሽፋን) አልተመለሰም ማለት ነው፣ የመመለሱን ስራ የሚሰሩትን አርኤምኢ-1ን ወይ ራብ-10ን ጠርጥሩ። ጤነኛውን ጂን አንጀት ላይ ብቻ በሚሰራ ፕሮሞተር (የጂን ማብሪያ) መልሱላት፣ ፊኛው ከጠፋ ጂኑ የሚሰራው እዛው አንጀት ሴል ውስጥ ነው።

ችግር፦ አንጀቱ ሁሌም ይበራል
ብዙ ጊዜ የራሱ የአንጀት ቅንጣቶች ብርሃን ነው። ጂኤፍፒ የሌላትን ትል በዛው ኤክስፖዠር አንሱና አወዳድሩ፣ ካስቸገረ ቅንጣቶቹ የሌሏትን የግሎ-1 ሚውታንት ተጠቀሙ።

ችግር፦ ስድስቱ ጠራጊ ሴሎች (ሲሎሞሳይት) አብጠው ጂኤፍፒ ታቅፈው ቀርተዋል
እዚህ መግባቱ ደህና ነው፣ የቆመው ላይሶዞም (የሴሉ መፍጫ ክፍል) ውስጥ መፈጨቱ ነው፣ ከፕ-5ን እዩ። ይሄን ጂን በጣም ነው የምወደው፣ ምክንያቱም የሰው አቻው ሙኮሊፒን-1 ሲበላሽ የህፃናትን አእምሮና አይን የሚጎዳው ሙኮሊፒዶሲስ 4 ይመጣል፣ የሰውን ጂን ትሏ ውስጥ ሲያስገቡት ደግሞ የከፕ-5ን ስራ ተክቶ ይሰራል።