የቻይና ዕፀዋት መድኃኒት ሲወስዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ዕፅ ነው፣ ምን ያደርጋል?» ብሎ መዋጥ

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ብራስልስ ውስጥ አንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ የቻይና ዕፀዋት ያሉበት ክኒን ይሰጥ ነበር። ሃን ፋንግ ጂ የሚባል ሥር ሊገባበት ሲገባ፣ በስም የሚቀራረበው ጓንግ ፋንግ ጂ ገባ። እሱ ደግሞ ኩላሊት የሚያጠፋ አሪስቶሎኪክ አሲድ አለው። ከ100 በላይ ሰዎች ተጎዱ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ዳያሊሲስ ወይም የኩላሊት ንቅለ ተከላ አስፈለጋቸው። ቆይቶም አንዳንዶቹን የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያዛቸው። የፈለጉት ትንሽ መቅጠን ነበር። እና የዕፁ ትክክለኛ ስምና አምራቹ ያልተጻፈበትን ነገር አይውሰዱ።

«የጥንት ነገር ነው» ብሎ መናቅ

ይህም ስህተት ነው። ቱ ዩዩ የምትባለው ቻይናዊት ተመራማሪ የወባ መድኃኒት ስትፈልግ የጥንት መጻሕፍትን አገላበጠች። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጌ ሆንግ ቺንግሃኦ የተባለውን ዕፅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ጨምቆ መጠጣት እንደሚገባ ጽፏል። አፍሉት አላለም። እሷም ሙቀቱ ሳያበላሸው አልቀረም ብላ፣ ኤተር በተባለ በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ፈሳሽ አወጣችው። የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒን የተገኘው እንዲህ ነው፤ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ኖቤል ተሸለመችበት። አገራችን ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለወባ የምትሰጠው ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር የተሠራው ከዚሁ ነው።

ከወባ ክኒኑ ይልቅ የቺንግሃኦን ቅጠል አፍልቶ መጠጣት

ሻዩ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ከቅጠል ቅጠል ይለያያል። ሲያንስ ወባው አይድንም፤ ጥገኛ ተሕዋሲያኑም መድኃኒቱን ይለማመዱታል። የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ወባ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

ከኢንተርኔት ወይም ከሻንጣ ነጋዴ መግዛት

«ንጹሕ ዕፅ» ተብለው ከተሸጡ እሽጎች ውስጥ ስቴሮይድና የስኳር መድኃኒት ተደባልቆ የተገኘበት ጊዜ አለ። በአንድ ቀን ተአምር የሚሠራ ዕፅ ካጋጠመዎት ይጠርጥሩ።

ለሐኪም አለመናገር

ሰው ቁጣ ይፈራል መሰለኝ፣ ይደብቃል። ቻይና ውስጥ እኮ ባህላዊውም ዘመናዊውም ሕክምና በአንድ ሆስፒታል ይሰጣል፣ ማዘዣውንም የሚጽፈው የሠለጠነ ሐኪም ነው። ዳንሸን የተባለው ሥር ደም ከሚያቀጥነው ዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ መድማት ያመጣል። ጣፋጩ የሊኮሪስ ሥር ሲበዛ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ፖታሲየም ይቀንሳል። ቀዶ ጥገና ካለብዎት ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ደግሞ ፈጽሞ አይደብቁ። ስሙን ማስታወስ ካቃተዎት እሽጉን ራሱን ይዘው ይሂዱ።