ጡረታ ለወጡ ወላጆቻችሁ ስፌት አስጀምሯቸው

እናታችሁ ጡረታ ወጥተው ቤት መዋል ከከበዳቸው፣ የሰፌድና የሞሰብ ስፌት ይማሩ። ሐረር ላይ አስተማሪ ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ እጃቸው የተባረከ እናቶች ሞልተዋል፤ የሐረሪ ቤት ግድግዳ ራሱ በስፌት ያጌጠ ነው። ጎረቤት ጠይቁ። ሁለት ሦስት ሆነው ቡና ላይ ቢማሩ ደግሞ ይሻላል፤ ብቻውን የጀመረ ቶሎ ይተወዋል።

ዋናው አጀማመሩ ነው። ትልቅ ሰፌድ አይሞክሩ፣ መዳፍ የሚያክል የስኒ ማስቀመጫ ይበቃል። የሚከብደው መሃሉ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች አስተማሪዋ ጀምራ ትስጣቸው። የሚሰፋበት ሣር፣ አክርማው፣ ውሃ ነክቶት እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ይቆይ። ደረቁ ይሰበራል፣ ጣትም ይቆርጣል። ጣታቸውን የሚያማቸው ከሆነ የወስፌው እጀታ ላይ ጨርቅ ጠምጥሙበትና ወፈር ይበል፤ ይሄ በጣም ይረዳል። ቀለሙ የሚለያይ ይሁን፣ ቀይ ከነጭ ወይም ጥቁር ከቢጫ። ዓይን የደከመ ሰው ዙሩን በቀላሉ ይለያል። ጠዋት፣ በር አጠገብ ብርሃን ላይ ይቀመጡ።

አባቶችንም አትርሱ። ሐረር በመጽሐፍ ጥረዛ ስሟ የቆየ ከተማ ናት። መጀመሪያ ባረጀ ደብተር ይለማመዱ፤ ቁርአኑና ዳዊቱ እጃቸው ሲፈታ ይደርሳል።